ፀጉርዎ ያድጋል፤ የሚቀረው ግን ምን ያህሉ ነው?

«ፀጉሬ ከትከሻዬ ማለፍ እምቢ አለኝ።» ይህን ብላ የማታውቅ ሴት ማግኘት ይከብዳል። አንዷ ቅባት ትቀይራለች፤ ሌላዋ ፀጉር ቤት ትቀይራለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «በዘራችን ረጅም ፀጉር የለም» ብላ ተስፋ ትቆርጥና ታስቆርጠዋለች። እርስዎም ከእነዚህ አንዷ ከሆኑ፣ ወይም ፀጉሯን ለማስረዘም የምትታገል ልጅ ወይም እህት ካለችዎት፣ ይህን ጽሑፍ አብረን እንድናነበው እጋብዝዎታለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ማስረጃው እርስዎው ላይ አለ። ቀለም ወይም ሪላክሰር ከተቀቡ ከሁለት ወር በኋላ ከሥሩ ብቅ የሚለው ያልተነካ ፀጉር ከየት መጣ? አድጎ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ለዓመታት ባለበት ከቆመ፣ ከሥሩ ያደገውን ያህል ከጫፉ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

እኛ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንደጋግማት አንዲት አባባል አለች፤ አዲስ ደንበኛ ከማምጣት ያለውን ይዞ ማቆየት ይረክሳል። ረጅም ፀጉርም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘባችንን የምናፈስሰው «ያሳድጋል» በተባለ ነገር ላይ ሲሆን፣ ያደገውን ጠብቆ ለማቆየት ግን ብዙም አንጨነቅም።

ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ይመርምሩ

«ፀጉሬ ይረግፋል» ስንል ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ቃል እየጠራን ነው። ለመለየት ከማበጠሪያዎ ላይ ጥቂት ፀጉሮችን ያንሱና ብርሃን ባለበት ቦታ ጫፋቸውን ይመልከቱ። በአንዱ ጫፍ ላይ ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት ካለች ፀጉሩ የተነቀለው ከሥሩ ነው። እብጠት የሌለውና ከሌላው ፀጉርዎ አጠር ያለ ከሆነ ግን መሃል ላይ ተሰብሯል።

ያቺን ነጭ እብጠት አይተው «ሥሩ ተነቅሎ ወጣ፤ ከእንግዲህ አይበቅልም» ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ፀጉሩን የሚያበቅለው ክፍል ግን ቆዳው ውስጥ ይቀራል፤ በአብዛኛውም አዲስ ፀጉር ያወጣል። ልዩነቱን ማወቁ የሚጠቅመው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ከልክ ያለፈ መነቀል ብዙውን ጊዜ ከሰውነት ውስጥ የሚነሳ ሲሆን፣ መሰበር ደግሞ በአብዛኛው ከእጃችንና ከፀጉር ቤቱ ወንበር ይመጣል።

ከተነቀለ፣ ወደ ኋላ ሦስት ወር ይቁጠሩ

እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ለ3 ወር ያህል ያርፍና ወድቆ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። ራሳችን ላይ 100 ሺህ ያህል ፀጉር ስላለ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የተለመደ ነው። ሹሩባ ሲፈታ የሚያስደነግጠውንም ብዛት በዚህ ሂሳብ ይመልከቱት። ለ21 ቀን የቆየ ሹሩባ በየቀኑ የረገፈውን ይዞ ስለሚያቆይ፣ በቀን 50 እንኳ ብንቆጥር ከ1000 በላይ ፀጉር በአንድ ጊዜ እጅዎ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በላይ ሲሆን ግን ሻምፖውን ከመውቀስዎ በፊት ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ምን እንደነበረ ያስታውሱ። ወሊድ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ ወይም ከባድ ኀዘን ብዙ ፀጉሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይልካል። ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ከዚያ ሳምንት ነገሮች ውስጥ መፈለግ አይጠቅምም።

በተለይ አዲስ እናቶች ይህን ቢያውቁት እፎይታ ያገኛሉ። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይወድቅ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ የተጠራቀመው በአንድነት ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ወር አካባቢ ይብሳል፤ ሕፃኑ የመጀመሪያ ልደቱን ሲያከብር ደግሞ አብዛኞቹ እናቶች ፀጉራቸው ወደ ነበረበት ተመልሷል። «ማጥባትሽ ነው ያረገፈው» የሚል ምክር ሰምተው ልጅዎን ጡት እንዳያስጥሉ።

ረጅም ጊዜ የቆየ መነቀል ካለ የደም ምርመራ ያድርጉ። የብረት ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ከተለመዱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ማዕድ ላይም ልናስተካክለው የምንችለው ልማድ አለ። ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ ሰውነታችን ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገዩት ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ቢጨምቁ ወይም ከጎኑ ቲማቲምና ቃሪያ ቢያቀርቡ ደግሞ ብረቱ በተሻለ ይወሰዳል። ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ፣ በጾም ወራት ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ከማዕድዎ አይጥፉ።

ከተሰበረ፣ የጫፉን ዕድሜ ያስቡ

30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፀጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ዕድሜ አለው። በየሁለት ሳምንቱ ፔስትራ የሚደረግ ከሆነ፣ ያ ጫፍ 65 ጊዜ ያህል እሳት አይቷል ማለት ነው። ከቆዳ ውጪ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ እንደ ቁስል ራሱን አይጠግንም። ትሪትመንት ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ የተሰነጠቀውን ግን መልሶ አይገጥምም። ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይዘልቅ በየሦስትና በየአራት ወሩ ጫፉን ትንሽ ማስቆረጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። መቆረጡ እድገቱን አያፋጥነውም፤ የቀረውን ያድንልዎታል እንጂ።

የእለት ተእለት አያያዙም ቀላል ነው። ሲያበጥሩ ከጫፍ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ ሥር ይውጡ። የተጠቀለለ ፀጉር ኮንዲሽነር ተቀብቶ ርጥብ እንዳለ፣ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ቢፈታ ብዙ አይሰበርም። ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ግን ርጥብ ሲሆን ይደክማል፤ ደረቅ እስኪል ይታገሱት። ሻምፖውን የራስ ቆዳ ላይ፣ ኮንዲሽነሩን ጫፍ ላይ ያድርጉ።

ፔስትራ ርጥብ ፀጉር ላይ በፍጹም አይነካ። ውሃው ፀጉሩ ውስጥ ፈልቶ ይሰነጥቀዋል። ሙቀቱን ቀንሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሳልፉበት በቂ ነው። ሪላክሰር የሚቀቡ ከሆነ ቢያንስ 8 ሳምንት ያቆዩት፤ የሚቀባውም አዲስ በወጣው ላይ ብቻ ይሁን፣ ቀድሞ በተቀባው ላይ ሲደገም ፀጉሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ሪላክሰርና ቀለም በአንድ ቀን አይደራረቡ። ማታ ደግሞ የሳቲን ሻሽ አስረው ይተኙ፤ የጥጥ ትራስ ፀጉሩን ይፈትጋል፣ ወዙንም ይመጣል።

የሚያም ሹሩባ ጥሩ ሹሩባ አይደለም

በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን እመርጥልዎታለሁ። «ጠበቅ አድርጊው፣ እንዲቆይ» ማለት ለምዶብናል። ግንባር ዙሪያና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ግን ስስ ነው። በየጊዜው ሲጎተት መጀመሪያ ይሳሳል፤ ከሹሩባው ሥር ትንንሽ ብጉር ይወጣል፤ ቆዳው ያማል። በዚህ ደረጃ ላይ መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን የሚያበቅለው ክፍል ይጠባሳል፤ ያን ጊዜ ቅባትም መድኃኒትም ብዙ አይረዳም።

ይህ ጉዳት በብዛት የሚጀመረው በልጅነት ነው። ልጅዎ ተሠርታ ስትመጣ ቅንድቧን ማንሳት ካቃታት ወይም ማታ ራሷን አሟት ካለቀሰች፣ ገንዘቡ ቢቆጭም ያንኑ ቀን ይፍቱላት። ሠሪዋን «ግንባሯ ላይ ላላ አድርጊልን» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለትምህርት ቤት ወፈር ያሉና ጥቂት ጉንጉኖች ይበቃሉ። ለአዋቂዎችም ቢሆን ከባድ አርቴፊሻል ፀጉር ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ መቀጠል ጉዳቱን ያባብሰዋል። በአንዱ ሹሩባና በሚቀጥለው መካከል ለፀጉሩ የዕረፍት ሳምንታት ይስጡት።

ቅቤውና ጠርሙሱ

እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ሲቀቡን ከንቱ አልደከሙም። ቅቤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ ፍትጊያ ይቀንሳል፣ ርጥበቱ ቶሎ እንዳያመልጥ ይረዳል። ስለዚህም መሰበር ይቀንሳል። ከሥሩ የሚያድግበትን ፍጥነት ግን አይጨምርም። ፎረፎር የሚያስቸግርዎ ከሆነ ቅባቱን ከራስ ቆዳ ይልቅ ፀጉሩ ላይ ይቀቡ።

ወደ ጠርሙሱ ስንመጣ ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ማስታወቂያ ላይ «ይረዳል»፣ «የጠነከረ መልክ ይሰጣል» የሚሉ ቃላት በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው፤ የሚያስደስት ነገር ይናገራሉ፣ የሚያስጠይቅ ቃል ግን አይገቡም። «በሁለት ሳምንት ልዩነቱን ያያሉ» ሲልዎት ሂሳቡን ይሥሩ። በሁለት ሳምንት የሚያድገው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያዩት ልዩነት የልስላሴና የብርሃን ነው። የባዮቲን እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታይሮይድን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ውጤት ሊያዛባ ይችላል።

ፀጉር ለማስተኛት የሚቀቡ አንዳንድ የኬራቲን ውህዶች ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ካንሰር አምጪ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ነው። ዓይን ካቃጠለዎትና ካሳለዎት ምልክቱ እሱ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ጨርሶ ይተዉት።

ሐኪም ማየት ያለብዎ መቼ ነው?

ላሽ የሚመስል ክብ ባዶ ቦታ ድንገት ከታየ፣ የራስ ቆዳዎ ከቀላ ወይም ካቃጠለ፣ መሃል አናት ላይ እየሳሳ ከሄደ፣ ወይም መነቀሉ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው ጭርት ከታየም በቅባት ብቻ አይድንም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላሉ፣ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ቶሎ መሄድ ዋጋ አለው፤ አንዳንዱ ችግር ካጠበሰ በኋላ አይመለስም።

እስከዚያው ግን ፀጉርዎን በየቀኑ በመስታወት እየለኩ አይጨነቁ። ዛሬ አንዲት ዘለላ ይምረጡና ቀጥ አድርገው በሜትር ይለኩ፤ ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ከሦስት ወር በኋላ ያቺኑ ቦታ ይድገሙ። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ አያያዝዎ ሠርቷል፤ ምንም አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግዎትም። ካልጨመረ ደግሞ ማበጠሪያዎ ላይ የቀረውን ፀጉር አንስተው ጫፉን ይመልከቱ፤ ተነቅሎ ከሆነ ወደ ሐኪም፣ ተሰብሮ ከሆነ ወደ አያያዝዎ ይመራዎታል።