ጤና ኤክስቴንሽኗ ከደረጃ 4 በኋላስ?

ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላችሁ በሀብሩ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ብትጠይቁ፣ እርጉዟን በስሟ የምታውቀው፣ ሕፃኑን የምትከትበው ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። «ክትባት የምትሰጠዋ ልጅ» ሲሏት ግን ያናድደኛል፤ ባለሙያ ናትኮ!

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች 1 ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። በኋላ ደረጃ 4 የሚባለው የሙያ ደረጃ መጣ፤ ተጨማሪ ሥልጠናና የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ አለው።

ችግሩ ያለው ከደረጃ 4 በላይ ለማደግ ስትፈልግ ነው። ዲግሪ የያዘችው ብዙ ጊዜ በሌላ ሙያ ተመድባ ጤና ኬላውን ትለቃለች። ቀበሌው ደግሞ ከአዲስ ይጀምራል። እኔ የምለው፦ የሥራ ልምዷ ለዲግሪ መግቢያ ይቆጠርላት፤ እዚያው ሆናም ደረጃዋና ደመወዟ ይደግ። የትምህርት ዕድል ሲመጣም መስፈርቱ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ።