ለማይድን ሕመምተኛ የሚቀረው ምርጫ

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የካንሰር ሕመምተኛ «ሪፈር ተጽፎለታል» ሲባል ዘመድ አዝማድ ገንዘብ ያዋጣል፣ 130 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ መንገድ ይጀመራል፣ ማረፊያው ጥቁር አንበሳ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ይኸው አንድ ሆስፒታል ነበር። ብዙ ሰው እዚያ የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ለአስታማሚው ብቻ፣ በር ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ የሚነገር ነገር አለ፤ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት።» እዚህ የማስተዋውቃቸው ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ይህ ከተነገረ በኋላ ነው።

ከእነርሱ በፊት ግን ስለ ምርጫው ራሱ ጥቂት ልበል። በሌላው ዓለም የማይድን ሕመምተኛ የሚሞትበትን ጊዜ ራሱ ይምረጥ ብለው የሚሟገቱ ማኅበራት ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ የመጀመሪያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የስዊዘርላንዱ ዲግኒታስ በ1998 ተመሠረተ፤ የኔዘርላንድስ ሕግ በ2002 ሥራ ላይ ዋለ። በአህጉራችን ክርክሩ ጎልቶ የተሰማው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ2015 ሮቢን ስትራንሻም ፎርድ ለተባለ፣ በማይድን ሕመም ለተያዘ የሕግ ባለሙያ፣ ለመሞት ሐኪም እንዲረዳው ፍርድ ቤት ፈቀደለት፤ ግን ፍርዱ በተሰጠበት ቀን በበሽታው ሞተ፣ ውሳኔውንም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ሻረው። በዚያው ዓመት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ይህ ምርጫ ለራሳቸውም እንዲኖራቸው እንደሚሹ ጽፈዋል።

እኛ ዘንድ በሩ ዝግ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ማነሳሳትንም መርዳትንም ያስቀጣል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ነፍስን የሚወስድ የሰጣት ብቻ ነው ይላሉ። ይሁንና ሕጋችን በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ያለ ምርጫ አልተወውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ አልፈልግም ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል መናዘዝ ይችላል፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና ስለ አነስተኛ ስጦታ። ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይህ የቃል ኑዛዜ ይፈርሳል። ግን መሞቱን ያልነገሩት ሰው በምን ዐውቆ ይናዘዛል? እውነቱን ከሕመምተኛው መደበቅ ከፍቅር የመነጨ ልማድ መሆኑ አይጠፋኝም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ያልታረቀው ወንድም፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ያልተጠራው የንስሐ አባት ሁሉ ሳይነኩ ይቀራሉ።

ሆስፒስ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ መሠረቱት። «ሆስፒስ» ሲባል ብዙ ሰው አልጋ የተደረደረበት ሕንጻ ይታየዋል፤ የዚህ ድርጅት ዋና ሥራ ግን ሕመምተኛው ቤት ድረስ መሄድ ነው። ነርሷ ቁስል ታጥባለች፣ መድኃኒት ታስተካክላለች፣ አስታማሚዋን ሕመምተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ ታሳያለች፣ ትሰማለች። ሐሳቡ ከለንደን ይነሳል፤ ሲስሊ ሳውንደርስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ሴንት ክሪስቶፈርን ስትከፍት፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም የቤተሰብም የመንፈስም ነው ብላ ነበር። ይህን የመጨረሻውን እኛ ማስተማር የምንችል ይመስለኛል። ቀንዲል፣ ቁርባን፣ የሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሕመምተኛው የራሱ ምርጫዎች ናቸው፤ ጎበዝ ነርስም መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ትመክረዋለች እንጂ አትከለክለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ መናገራቸው ለዚህም ይሠራል።

የሥጋውን ሕመም በተመለከተ ግን ዋናው ነገር ሞርፊን ነው። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን ኃይሉ አራት ሰዓት ያህል ስለሚቆይ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ ተመልሶ እስኪነሳ መጠበቅ ስሕተት ነው። ማታ፣ እንቅልፍ እንዳይቋረጥ፣ እጥፍ ይሰጣል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮት ይታዘዛል። በአፍሪካ ሆስፒሶች ሕመሙን በእጅ ጣት መለካት የተለመደ ነው፤ የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ነው፣ አምስት ጣት ከሁሉ የከፋው። «እማማ፣ ዛሬስ ስንት ጣት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መጠኑም በመልሱ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት ፍርሃቶች ግን ከመድኃኒቱ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላል የሚሉ። በሥርዓት ተለክቶ ለሕመም የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ ሱስ ይይዘዋል የሚለውም ሊሞት የተቃረበን ሰው ለማስጮህ ከቶ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚህ ጉዳይ ሐኪሞችም ከፍርሃቱ ነፃ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጤና ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ዩጋንዳ ደግሞ ቀድማ፣ በ2004፣ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች። ሐኪም በሌለበት ገጠር የማታ ጩኸት የሚቀርፈው እንዲህ ያለ ፈቃድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንኮበር ቁልቁለት ላይ ያለ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ በቃሬዛ እስኪደርስ ስንት አራት ሰዓት ያልፈዋል?

ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አይደለችም። ሪፈራል ሆስፒታሉና ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አሉ፤ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ግቢ ነርሶችን ያሠለጥናል፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከሁሉም በላይ እድር አለ። እድር ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ገንዘቡንም የሚያወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ግን አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙ አባሎቻቸውን መርዳት ጀምረው ነበር፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም። ከቀብር ወጪው ጥቂቱ ሰውየው በሕይወት እያለ ለማለስለሻ፣ ለቁስል መጠቅለያ፣ ለነርስ መጓጓዣና አስታማሚዋን አንድ ሌሊት ለሚተካ ሰው ይዋል የሚለው ሐሳብ፣ የእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አድርጎ ሊያቀርበው የሚችል ነገር ነው።