«ሞቷል» የተባለው የዘፈን ደራሲ

አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ስቲቨን ኬስለር፣ በልጅነቱ ያደንቀው የነበረው የዘፈን ደራሲ ፖል ዊሊያምስ የሞተ ይመስለው ነበር። በሕይወት መኖሩን ሲደርስበት ካሜራውን አንስቶ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል የታየው ዘጋቢ ፊልም ርዕሱ ራሱ ይህንኑ ይናገራል፦ «ፖል ዊሊያምስ አሁንም በሕይወት አለ»።

የግጥም ደራሲ ዕጣ ሆኖ፣ ዘፈኑን የሚያንጎራጉር ሁሉ ስሙን አያውቀውም። ካርፔንተርስ የተጫወቱት «ዊቭ ኦንሊ ጀስት ቢገን» ግጥሙ የዊሊያምስ፣ ዜማው የሮጀር ኒኮልስ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራውም ለአንድ የካሊፎርኒያ ባንክ ማስታወቂያ ነበር። ባርብራ ስትራይሳንድ ዜማውን ለሠራችው «ኤቨርግሪን» ግጥም ጽፎ በ1977 ሁለቱም ኦስካር ወሰዱ። አሻንጉሊቱ እንቁራሪት ከርሚት ባንጆ ይዞ የሚዘፍነውን «ሬይንቦው ኮኔክሽን»ም ከኬኒ አሸር ጋር የሠራው እሱ ነው።

ይሁንና ዊሊያምስ ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ቁመቱ አጭር፣ ጸጉሩ ረጅምና ወርቃማ፣ ቀልድ የማያልቅበት ነበር፤ በጆኒ ካርሰን የምሽት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወደ ሃምሳ ጊዜ ያህል ቀርቧል። ከዝናው ጋር መጠጡና ኮኬይኑም አብረው አደጉ። በ1980ዎቹ ከሰው ዓይን ራቀ። በ1990 ከሱሱ ተላቀቀ፤ ከዚያም ተምሮ የሱሰኞች አማካሪ ሆነ።

ኬስለር የመጣው ውድቀቱን ፍለጋ ነው። ያገኘው ግን በትንንሽ መድረኮች እየዘፈነ በሰላም የሚኖር፣ ስላለፈው ዝና የማይብከነከን ሰው ነው። ፊልሙ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው ይነዘንዛል፤ ተጠያቂው አንዴ ይሸሻል፣ አንዴ ይቀልድበታል። ለኮንሰርት ወደ ፊሊፒንስ ሲሄዱ ኬስለር በፍርሃት ሲርድ ዊሊያምስ ዘና ብሎ ይጓዛል፤ እየዋለ እያደረ ሁለቱ ይወዳጃሉ። ዳይሬክተሩ ራሱን በፊልሙ ውስጥ አብዝቷል የሚል ተመልካች ቢኖር አይፈረድበትም። ለእኔ ግን ያለ እሱ ንዝነዛ የዊሊያምስ እርጋታ ይህን ያህል ባልጎላ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ትዕይንት፣ ዊሊያምስ በዕፅ ደንዝዞ ቴሌቪዥን ላይ ሲያወራ የሚያሳየው የድሮ ቅጂ ሲቀርብለት ነው። ሳቁ ይጠፋል፤ ያን ሰው ማየት ይቀፈዋል። ስለ ሱስ ብዙ ሰዓት ከሚሰጥ ማብራሪያ ይልቅ ይህች ፊት ትበልጣለች።

ፊልሙ ሲሠራ ዊሊያምስ ሥራ ፈት አልነበረም። በ2009 የሙዚቃ ደራሲያንን የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስበው የአስካፕ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ከፊልሙ በኋላ ደግሞ ዳፍት ፐንክ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች በ2013 አልበማቸው ላይ ግጥም አስጻፉት። ሁለቱን ወደ እሱ የሳባቸው፣ በ1974 ሲወጣ በአሜሪካ ገበያ ያጣው፣ እሱ የተወነበትና ዘፈኖቹን የደረሰለት «ፋንተም ኦፍ ዘ ፓራዳይስ» የተባለ ፊልም ነው። አልበሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ግራሚ ሲሸለም፣ ጭምብል ለብሰው ዝም ባሉት በሁለቱ ፋንታ መድረክ ላይ የተናገረው ዊሊያምስ ነበር።