የቀበቶው የመጨረሻ ቀዳዳ

ወታደር ከሚታጠቀው ነገር ሁሉ ስለ ባለቤቱ እውነቱን ሳይሸሽግ የሚመሰክረው ቀበቶ ነው። ጫማ ሲያልቅ ይለወጣል፤ የደንብ ልብስም ሲጠብ ልብስ ሰፊ ያሰፋዋል። ቀበቶ ግን የኖረበትን ዘመን በላዩ ይዞ ይቆያል፤ አምና በየትኛው ቀዳዳ ይቆለፍ እንደ ነበር ዘለበቱ በቆዳው ላይ የተወው ምልክት ይናገራል። በጦር ሰፈራችን በንብረት ክፍል የሚያገለግሉ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ከፋብሪካ ተበስተው ከመጡት ቀዳዳዎች ሌላ ሁለት ቀዳዳ በምስማር በስተው ይታጠቁ ነበር። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ታሪካቸውን ለአንባቢያን የምናቀርበው እርሳቸውም ባለቤታቸውም ፈቅደውልን ነው።

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ ማለዳ የስፖርት ሰልፍ ላይ፣ እኒህን ሰው ከረድፋቸው አስወጥተን በወጣት ወታደሮች ፊት ሃምሳ ሲት-አፕ እንዲሠሩ አዘዝናቸው። «የግምጃ ቤቱ ንብረት የት እንደ ገባ ዛሬ ታወቀ!» የሚል ቀልድም ጨመርንበት። ሰልፈኛው ሳቀ። እርሳቸው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሠላሳ አንዱን ፈጽመው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው በጀርባቸው እንደ ተኙ ቀሩ። እኛ ዕድሜአችን ገና ሠላሳ ያልሞላ፣ ከጦር አካዳሚ ከወጣንም ጥቂት ዓመታት ብቻ የተቆጠሩልን ነን፤ እርሳቸው ግን በእግራቸው ያቋረጡት አገር እኛ በካርታ ከተማርነው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ በሰፈሩ ክሊኒክ ተመርምረው የደም ግፊታቸውም የደም ስኳራቸውም ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ሰው ያለ ምርመራ በድንገት ማስጨነቅ ምን ሊያስከትል ይችል እንደ ነበር የጤና ረዳቱ ሲያስረዱን፣ ቀልዳችን በአፋችን ውስጥ መረረ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ባለቤታቸው ቡና አቅርበው፣ እኛን ከመውቀስ ይልቅ ራሳቸውን ወቀሱ። «መቶ አለቃ፣ ይህን ሆድ እርሳቸው ብቻቸውን አላመጡትም፤ እኔም በእጄ እያጎረስኩ ያሳደግሁት ነው» አሉን። ይህ ንግግር ከማንኛውም የጤና መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ከሥሩ እንድንመለከተው አደረገን።

በኅብረተሰባችን ዘንድ ቦርጭ ለረጅም ጊዜ እንደ ሹመት ሲታይ መኖሩ አይካድም። ሆዱ ወደ ፊት የወጣ ሰው «ደልቶታል» ይባላል። ባል የከሳ እንደ ሆነ ደግሞ ጎረቤት የሚያማው ባሏን አታበላም በማለት ሚስትን ነው። ስለዚህ አንዲት የወታደር ሚስት ባሏ ከግዳጅ ሲመለስ ሞሶቡን ሞልታ፣ ወጡን በዘይትና በቅቤ አርሳ ብታቀርብ ፍቅሯንም ክብሯንም መግለጽዋ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰውዬው ከግዳጅ ተመልሶ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሃምሳ አለቃው በእግረኛ ጦር ውስጥ ብዙ ዓመት ስንቅና ጥይት ተሸክመው ዳገት ሲወጡ፣ ሲወርዱ ኖረዋል። ያን ጊዜ የሚበሉት ሁሉ በመንገድ ያልቅ ነበር። ወደ ንብረት ክፍል ሲዛወሩ እግራቸው ከዘመቻ ተመለሰ፤ አፋቸው ግን አልተመለሰም።

ቦርጭ ሲባል በውስጡ ሁለት ዓይነት ስብ እንዳለ ማወቅ ያሻል። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በሁለት ጣት ቆንጥጠን የምንይዘው ነው። ሁለተኛው ግን በእጅ አይጨበጥም። በግ ያረደ ሰው ሁሉ አንጀቱን እንደ መረብ ሸፍኖ የሚገኘውን ሞራ ያውቀዋል፤ በሰውም ሆድ ውስጥ እንዲሁ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማች ሞራ አለ። የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ የተደበቀው ነው። ከዚህ ሞራ የሚለቀቀው ቅባት በደም ሥር አማካይነት በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል፤ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን የደም ስኳርን የመቆጣጠር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ቦርጭን ተከትለው ይመጣሉ። እነዚህ ሕመሞች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥሩንባ ነፍተው አይገቡም፤ ሃምሳ አለቃው ክሊኒክ እስከ ሄዱበት ቀን ድረስ ራሳቸውን ጤነኛ ሰው አድርገው ይቆጥሩ ነበር።

ታዲያ አደጋው መድረሱ የሚታወቀው በምንድን ነው? ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ሜትር ነው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሆዱን ሳይስብ፣ አየሩን እንደ ልማዱ ካስወጣ በኋላ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ላይ ሜትሩ ይዞርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ መሠረት ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ሲታለፍ ሥጋት ይጀምራል፤ ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ሲታለፍ ደግሞ ሥጋቱ እጅግ ይጨምራል። ቁጥር ማስታወስ የሚከብደው ሰው ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ እንዳይበልጥ ይጠንቀቅ። የሱሪ ቁጥርን ማመን ግን አይገባም፤ ባለ ቦርጭ ሱሪውን ከእምብርቱ በታች አውርዶ ስለሚታጠቅ ለዓመታት ያው ቁጥር ሊለብስ ይችላል። የሃምሳ አለቃው ወገብ በመጀመሪያው ቀን 112 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ክብደታቸው 96 ኪሎ።

አሁን ወደ ሲት-አፑ እንመለስ። እኛም በአካዳሚ ሳለን የሆድ ስብ የሚጠፋው ሆድን በማሠራት ነው ብለን እናምን ነበር። እምነታችን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች አነጻጽሯል። ቴኒስ ተጫዋች ዘመኑን ሙሉ የሚመታው በአንድ እጁ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴ በሠራው ጡንቻ ላይ ያለውን ስብ ብቻ የሚያቀልጥ ቢሆን ኖሮ የዚያ ክንድ ስብ ከሌላው መሳሳት ነበረበት። የስቡ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንድ አንድ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎችን በ27 ቀናት ውስጥ 5004 ሲት-አፕ አሠርቶ፣ ከሆድ፣ ከትከሻ አጥንት ሥርና ከመቀመጫ የተወሰዱ የስብ ሕዋሳትን ለካ። የሆዱ ሕዋሳት ከሌሎቹ ተለይተው አልቀነሱም። ከአምስት ሺህ ሲት-አፕ በኋላ! ሲት-አፕ ጡንቻን ያጠነክራል፤ በጡንቻው ላይና በስተውስጥ የተኛውን ስብ ግን ለይቶ አያነሣም። ሰውነት ስቡን የሚያወጣው ከመላው ግምጃ ቤት ነው፤ ከየትኛው መደርደሪያ አስቀድሞ እንደሚያነሣ ትእዛዝ አይቀበልም። በዚያ ማለዳ የሰጠነው ትእዛዝ እንግዲህ ጨካኝ ብቻ ሳይሆን ከንቱም ነበር።

የሚጠቅመው እንቅስቃሴ ትንፋሽን ሳይቆርጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው። ለወታደር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የአሥራ ሁለት ደቂቃውን የሩጫ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት ኬኔዝ ኩፐርም የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ 112 ሳንቲ ሜትር ወገብ ያለውን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሩጫ መንዳት ጉልበቱንም ልቡንም መጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ሃምሳ አለቃው ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላቸውና ከፈቀደላቸው በኋላ የጀመሩት ከቤታቸው እስከ ንብረት ክፍሉ ፈጠን ባለ እርምጃ በመጓዝ ነበር፤ ሠላሳ ደቂቃ መሄጃ፣ ሠላሳ ደቂቃ መመለሻ። በመኪና የሚያልፉ ጓደኞቻቸው እየቆሙ «ይሳፈሩ እንጂ» ሲሏቸው እምቢ ማለቱ ከእርምጃው ይልቅ ከብዷቸው እንደ ነበር አጫውተውናል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ግድግዳ ተደግፈው ፑሽ-አፕ፣ ወንበር ይዘው ቁጢጥ ብድግ ጨመሩ።

ነገር ግን እርምጃ ብቻውን ማዕዱን አያሸንፍም። የሒሳቡን ነገር እንመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዟል፤ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ ሲጓዝ የሚያቃጥለው ከአንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት ብዙም አይበልጥም። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር አለ። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይሰጣል፤ በክበቡ ደግሞ አንድ ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው አላየንም፤ እኛም ብንሆን ተነሥተን አናውቅም። የግማሽ ቀን ልፋት በአንድ ምሽት ጨዋታ ተመልሶ ይገባል።

በዚህ ረገድ ድል ያደረጉት ባለቤታቸው ናቸው። የጤና ረዳቱ ለሃምሳ አለቃው የራሳቸው ሳህን እንዲለይላቸው ቢመክሩም እርሳቸው ግን አልተቀበሉም። «ባሌን ከልጆቹ ለይቼ እንደ እስረኛ አላበላም» አሉ። ነገር ግን በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ የማይታወቅ መሆኑን ተረድተው፣ የሚዘረጋውን እንጀራ ከማዕዱ አስቀድመው መቁጠርና ከዚያ በኋላ አለመጨመር ጀመሩ። በቀነሱት እንጀራ ቦታ ጎመኑንና ምስሩን አበዙት፤ እነዚህ ሆድን ቶሎ የሚያጠግቡና ጥጋቡን የሚያቆዩ ናቸውና። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ማፍሰሳቸውን ትተው በማንኪያ ይለካሉ፤ ለአምስት ቀን ይበቃ የነበረው አንድ ሊትር አሁን ዘጠኝ ቀን ያደርሳቸዋል፤ ይህም ለደመወዝተኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። በሻዩ ላይ ይጨመር የነበረው ሦስት ማንኪያ ስኳር በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሽ እየተቀነሰ ቀረ። ስለ ጉርሻው ስንጠይቃቸው ስቀው «አላስቀረሁትም፤ አሳነስኩት» አሉን።

ጾምን በሚመለከት አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በሰፈራችን ሁዳዴንም ረመዳንንም የሚጾሙ አሉ፤ ብዙዎችም ጾሙ ራሱ ቦርጭ ያጠፋል ብለው ይጠብቃሉ። በዘይት የተጥለቀለቀ የጾም ወጥ ግን ከፍስኩ አያንስም፤ ቀኑን ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ የሚበላውም እንዲሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ወገብን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ላብ ያወጣል፤ ላብም ውኃ ነው፤ በአንድ ኩባያ ውኃ ይመለሳል። ሎሚ በሞቀ ውኃም ስብ አያቀልጥም። የወለደች እናት መቀነቷን ማጥበቋ ስቡን አያጠፋውም፤ የምታጠባም ከሆነች ራሷን ማስራብ የለባትም። ሆዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያበጠና እግሩም ያበጠ ሰው፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ እጅ እግሩ የሰለለ ሕፃን፣ ሊታከም የሚገባው ሕመምተኛ ነውና ከቦርጫም መቁጠር አይገባም፤ ያለ መዘግየት ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ መልካም ነው። የሃምሳ አለቃው አካሄድ ከዚህም ያነሰ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ጭራሽ ቆሞ፣ በዓል በዋለበት ሳምንት ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ እርምጃውን ሊተዉት እንደ ነበር አልሸሸጉንም። በሰባተኛው ወር ላይ ክብደታቸው 87 ኪሎ፣ ወገባቸው 103 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ከክብደት ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ መቀነስ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ለማውረድ እንደሚረዳ ይታወቃል፤ በእርሳቸውም ላይ ሁለቱም ወርደዋል። መድኃኒታቸውን ግን ይወስዳሉ፤ ሐኪሙ ሳያዝም አያቆሙም። በምስማር የተበሱት ሁለት ቀዳዳዎች ያለ ሥራ ቀርተዋል፤ ዘለበቱም ከፋብሪካ በመጣው በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ይቆለፋል።

ባለፈው ሳምንት በዚያው የማለዳ ሰልፍ፣ በእነዚያው ወጣት ወታደሮች ፊት፣ ያደረግነው ስሕተት መሆኑን ተናግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸው ሰላምታ ሰጥተው ከኪሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡና «ይፈቀድልኝ መቶ አለቃ፣ እርስዎም ይለኩ» አሉን። ሰልፈኛው እየተመለከተ ሸሚዛችንን ገልጠን ቆምን። ጮክ ብለው አነበቡት፤ 93 ሳንቲ ሜትር።