የጌም ማጫወቻ ሃርድ ዲስክ ሲቀየር ምን እናተርፋለን?

የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን 4 በውስጡ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነበረው። አንድ ክዳን አንሸራቶ ጥቂት ብሎኖችን በካቻቪቴ መፍታት የቻለ ባለቤት ዲስኩን ራሱ አውጥቶ በሌላ ሊተካው ይችላል። ይሁን እንጂ ለአዲስ ዲስክ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የጎደለን ነገር ቦታ ነው ወይስ ጊዜ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃው የሚጻፈው ማግኔታዊ ሽፋን ባለው ክብ ሳህን ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ማጫወቻ ውስጥ ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራል። ስለዚህ አንድ ዙር 11.1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የተፈለገው መረጃ ከአንባቢው ጫፍ ሥር እስኪደርስም በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ 5.6 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠበቃል። አንድ ጨዋታ ሲከፈት 1,000 የተበታተኑ የመረጃ ቁራጮችን ቢጠይቅ፣ ሳህኑ እስኪዞር ብቻ 5.6 ሰከንድ ይባክናል። ጫፉ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ በዚህ ላይ ይታከላል።

ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ግን የሚሽከረከር አካል የለውም። መረጃው በሲሊከን ውስጥ ታስሮ በሚቆይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ስለሚቀመጥ፣ አንዱን ቁራጭ ለማግኘት 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃል።

ታዲያ ፍጥነቱ ያለ ገደብ ያድጋል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበት መስመር በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። በሰከንድ 500 ሜጋባይት የሚያነብ ኤስኤስዲ ቢገጠምለትም የሚደርሰው መስመሩ የፈቀደው ብቻ ነው፤ ትልቅ በርሜል በቀጭን ቧንቧ ቢቀዳ የሚወርደው በቧንቧው ልክ እንደሆነ ሁሉ። የምስሉ ጥራትም የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ሥራ በመሆኑ በዲስክ ለውጥ አይሻሻልም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በድካም የተገኘው የጨዋታ መዝገብ ነው። አሮጌው ዲስክ በዚያው ማጫወቻ ቁልፍ የተመሰጠረ ስለሆነ ኮምፒውተርም ሆነ ሌላ ማጫወቻ ሊያነበው አይችልም። አዲሱ ዲስክ ደግሞ ባዶ ነው። በመሆኑም ብሎን ከመፈታቱ በፊት መዝገቡ ወደ ፍላሽ ዲስክ መገልበጥ አለበት። የሥርዓቱ ሶፍትዌርም በሌላ ፍላሽ ተዘጋጅቶ በአዲሱ ዲስክ ላይ እንደገና ይጫናል። የሚገዛው ዲስክ 2.5 ኢንች፣ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ ይዘቱም ቢያንስ 160 ጊጋባይት ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት የሚያነብ ኤስኤስዲ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ መጣ። ይህን ማከማቻ ባለቤቱ አይለውጠውም፤ ከ2021 ወዲህ ግን ሌላ ኤስኤስዲ በጎኑ መጨመር ይችላል።

እንግዲህ የጎደለው ቦታ ከሆነ ሰፋ ያለ ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ጊዜ ከሆነ ኤስኤስዲ ይሻላል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክስ ከ5.6 ሚሊሰከንዱ ስንቱን ይቀንሳል? ስሌቱን ለአንባቢ ትተናል።