ባክቴሪያው ሲታመም ወንዙ ንጹሕ ይመስላል

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከቆዳ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። የቤተልሔም ድጓ የተጻፈበት ብራና፣ የቆሎ ተማሪው የሚደርበው ደበሎ፣ የገበሬው ጠፍርና ስልቻ ሁሉ ቆዳ ነው። ብራና ተወጥሮና ተፍቆ፣ በፀሐይ ደርቆ የሚሠራ በመሆኑ ወንዝ የሚመርዝ ኬሚካል አይጠይቅም። ዛሬ ግን የገጠሩ ቆዳ በነጋዴ እጅ አልፎ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ፋብሪካው ደግሞ ቆዳውን የሚያለፋው በአብዛኛው በክሮሚየም ጨው ነው። ቆዳው ከገጠር ወደ ከተማ ሲሄድ ውሃው ከከተማ ወደ ገጠር ይወርዳል። ዓባይ ባሕር ዳርን አልፎ የእስቴንና የስማዳን ደቡባዊ ወሰን ይዞ ይጓዛልና። የባሕር ዳር ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በዓባይ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሁለት ዓይነት ብክለት ይዞ ይወጣል። አንደኛው የሚበሰብስ ነው፤ ደም፣ ሞራ፣ ጸጉርና የቆዳ ፍርፋሪ። ሁለተኛው የማይበሰብስ ነው፤ ክሮሚየምና መሰል ከባድ ብረቶች። ብዙዎቻችን ሁለቱን ለየብቻ እንመለከታለን። ዋናው ጣጣ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳይበሰብስ ማድረጉ ነው።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ይሆናል? የሚበሰብሰውን ቆሻሻ የሚያጸዱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። ቆሻሻውን በኤንዛይም ቆራርጠው ይመገቡታል፣ በኦክስጅን አቃጥለውም ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። እንደ ዚንክ፣ መዳብና ኒኬል ያሉ ብረቶች በጥቂቱ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋሉ። መጠናቸው ሲያልፍ ግን መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና እርሳስ ደግሞ ኤንዛይሙ ላይ ተጣብቀው ሥራ ያስፈቱታል፣ ወይም የሚያስፈልገውን ብረት አስወጥተው በቦታው ይቀመጣሉ። ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ባክቴሪያው ሰልፌት በሚያስገባበት በር ሾልኮ ይገባና ውስጡን ያውካል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም መርዛማነቱ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ሲበዛ ባክቴሪያውን ያዳክማል። ውሃው አሲዳማ ሲሆንም ብረቱ ይበልጥ ይሟሟል፣ ጉዳቱም ይብሳል።

ባክቴሪያዎች ሁሉ እጃቸውን አይሰጡም። ብረቱን ገፍተው የሚያስወጡ አሉ፤ መርዛማውን ክሮሚየም ወደ ሦስት ቫለንሱ የሚለውጡም አሉ። ይሁን እንጂ ለመከላከል የዋለ ጉልበት ለማጽዳት አይውልም፣ ሥራው ይዘገያል። ብረቱም ቢሆን ቅርጹን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ከወንዙ ወለል ጭቃ ጋር ይተኛል። ዓባይ ትልቅ ወንዝ ነውና ያቀጥነዋል ይባል ይሆናል፤ ማቅጠን ግን ማስወገድ አይደለም።

የሕግ ሰው ሊያስጨንቀው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሚበሰብስ ብክለት በብዛት የሚለካው ቢኦዲ በሚባለው ምርመራ ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀን ይቀመጥና ባክቴሪያዎች የተጠቀሙት ኦክስጅን ይሰላል። ብዙ ኦክስጅን ካለቀ ብዙ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ናሙናው ውስጥ ያለው ብረት ባክቴሪያዎቹን ከመረዛቸው ኦክስጅን የሚወስድ አይኖርም። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ወረቀቱም "ደህና ነው" ይላል። ምስክሩ አፉ ስለታፈነ ወንጀል አልተፈጸመም እንደማለት ነው! ስለዚህ የቢኦዲ ውጤት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ባክቴሪያ የማያስፈልገው ሲኦዲ የተባለው ኬሚካላዊ ምርመራና የብረት ልኬት አብረው ሊቀርቡ ይገባል።

መፍትሔው የማይታወቅ አይደለም። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከገባው ክሮሚየም 60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ ውሃ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ተጠራቅሞ በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ ቢታከም ክሮሚየሙ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። ቀሪው ፍሳሽ ከዚያ በኋላ ለባክቴሪያዎቹ ቢሰጥ ሥራቸውን ይሠራሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን የማጣሪያ ገንዳው ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው አረጋግጧል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። በር ተከፍቷል። ይሁን እንጂ የእስቴ ገበሬ በዚህ በር ቢገባ በእጁ የሚይዘው ወረቀት የትኛው ነው? አምስት ቀን ዝም ያሉ ባክቴሪያዎች የሰጡት "ንጹሕ ነው" የሚል ቁጥር ከሆነ መብቱ ከችሎት በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ ተረትቷል። ተቆጣጣሪዎቻችን ለአንድ ናሙና ሦስቱንም ልኬት አንድ ላይ ይጠይቁ፤ ውጤቱንም ከወንዙ በታች ላለው ሕዝብ ያሳውቁ።