የ30 ዓመት ኃላፊነት፣ የ12 ወር ዋስትና፦ የእንግሊዝ የሙያ ኃላፊነት መድን ከግሬንፌል ቃጠሎ በኋላ

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን በሚገኘው ግሬንፌል ታወር ላይ የተነሣው ቃጠሎ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች የሚገኙባቸውን 72 ሰዎች ሕይወት ቀጥፏል። ጉዳዩን ሲያጣራ የቆየው መርማሪ አካል በሴፕቴምበር 2024 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ከቁሳቁስ አምራቾቹና ከመንግሥት አካላት ጋር የሕንፃውን እድሳት የነደፉትን አርክቴክቶች፣ የእሳት ደኅንነት አማካሪዎቹንና ተቋራጮቹን በብርቱ ነቅፏል። በሜይ 2025 ደግሞ የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩአርኤስ የተባለው የምህንድስና አማካሪና ቢዲደብሊው የተባለው ቤት ገንቢ በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ገንቢው ከሸጣቸው በኋላ ጉድለት የተገኘባቸውን ሕንፃዎች በራሱ ፈቃድ መጠገኑ ብቻ ወጪውን በንድፍ ስሕተት ከሚከሰሰው አማካሪ እንዳይጠይቅ አያግደውም ሲል ወስኗል። ሪፖርቱና ፍርዱ በባለሙያዎችና በደላሎች መካከል ብቻ ሲወራ የኖረውን የመድን ዘርፍ፣ ማለትም የሙያ ኃላፊነት መድንን፣ የሕዝብ ጉዳይ አድርገውታል።

ይህ መድን አርክቴክት፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ አዋቂ ወይም ሌላ ምክርና ንድፍ የሚሸጥ ድርጅት በሥራው ላይ ባሳየው ቸልተኝነት ሌላ ሰው ለደረሰበት ኪሳራ የሚከፍለውን ካሳና ክሱን ለመከላከል የሚያወጣውን ወጪ የሚሸፍን ውል ነው። መድን ሰጪው የሚሸፍነው ባለሙያው ተገቢውን ጥንቃቄና ክህሎት ባለማሳየቱ የሚመጣበትን ኃላፊነት እንጂ «ሥራዬ ይህን ውጤት ያስገኛል» ብሎ በውል የገባውን ዋስትና አይደለም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ በሮቢን ሪግ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጉዳይ ታይቷል። ተቋራጩ የተከተለው ዓለም አቀፍ የንድፍ ደረጃ ራሱ የስሌት ስሕተት ነበረበት፤ እንዲያም ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 መሠረቶቹ 20 ዓመት እንዲያገለግሉ ሆነው እንደሚነደፉ በውሉ ቃል በመግባቱ 26.25 ሚሊዮን ዩሮ የሆነውን የጥገና ወጪ ተቋራጩ እንዲሸከም አድርጓል። ጥንቃቄ ላልጎደለው ባለሙያ እንዲህ ያለው ዕዳ በተለመደው የሙያ ኃላፊነት መድን አይሸፈንም።

የዘርፉን አመጣጥ በተመለከተ፣ ለእድገቱ መንገድ የከፈተው የሄድሊ በርን ፍርድ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ በጊዜው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የነበረው የመኳንንት ምክር ቤት በ1963 በዚህ ጉዳይ በቸልተኝነት የተሰጠ መረጃ ወይም ምክር በመካከል ውል ባይኖርም የገንዘብ ኪሳራን ሊያስክስ እንደሚችል ተቀብሏል። በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ላይ የሙያ ጥፋትን ለብቻው ደንግጎ፣ ባለሙያ ሁሉ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የኦዲተሮች ኃላፊነት እንግሊዝ ውስጥ በ1990ው የካፓሮ ፍርድ ጠብቧል፤ የኮምፒውተር አማካሪዎች ውሎች ደግሞ ከሳይበር መድን ጋር እየተቀላቀሉ ሄደዋል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ትኩረት የሚገባው የግንባታው ዘርፍ ነው።

በዚህ ዘርፍ የሚታየው የዋስትና እጦት ሥሩ የመድኑ አሠራር ነው። ቤት ሲቃጠል ካሳ የሚከፍለው በቃጠሎው ቀን ጸንቶ የነበረው የመድን ውል ሲሆን፣ በሙያ ኃላፊነት መድን ግን የሚከፍለው ስሕተቱ በተሠራበት ቀን የነበረው ሳይሆን የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ቀን ጸንቶ ያለው ውል ነው። ስለዚህ በ2008 ለተሣለ ንድፍ በ2025 ክስ ቢመጣ ተፈላጊው የ2025ቱ ውል ይሆናል። ውሉ በየ12 ወሩ ስለሚታደስም መድን ሰጪው በየዓመቱ ዐረቦኑን መጨመር፣ ሽፋኑን ማጥበብ ወይም ጨርሶ መተው ይችላል። ድርጅቱን የዘጋ ባለሙያ ከመዝጊያው በኋላ ለሚመጡ ጥያቄዎች ሌላ ሽፋን ካልገዛ፣ ዐረቦን ሲከፍል በኖረባቸው ዓመታት ለሠራው ሥራ እንኳ ዋስትና አይኖረውም።

ከቃጠሎው በኋላም መድን ሰጪዎች ያደረጉት ይህንኑ መጨመር፣ ማጥበብና መተው ነው። በ2018 የለንደኑ የሎይድስ የመድን ገበያ፣ ሲንዲኬት የሚባሉት በውስጡ የሚሠሩ መድን ሰጪ ቡድኖች ኪሳራ የሚያመጡባቸውን ዘርፎች እንዲያርሙ ወይም እንዲተዉ ሲጠይቅ የሙያ ኃላፊነት መድን በግንባር ከተጠቀሱት አንዱ ነበር። ዐረቦን ናረ፤ የውጭ ግድግዳ ሽፋንንና የእሳት ደኅንነትን የሚመለከት ማንኛውም ጥያቄ ከውሉ ውጭ የሚያደርጉ አንቀጾችም ተስፋፉ። የሕንፃዎችን ውጫዊ ግድግዳ መርምረው የሚያረጋግጡ ባለሙያዎች መድን በማጣታቸው መንግሥት ራሱ የሚደግፈው የመድን ዕቅድ እስከማቋቋም ደረሰ። በዚሁ ወቅት የ2022ቱ የሕንፃ ደኅንነት ሕግ ለመኖሪያነት ብቁ ያልሆነ ቤት በሠሩ ላይ የሚቀርብን ክስ ይርጋ ከ6 ዓመት ወደ 15 ዓመት፣ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለተጠናቀቁ ቤቶች ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ 30 ዓመት አራዘመው። ለነዋሪዎቹ ይህ ሲያንስ እንጂ የሚበዛ ፍትሕ አልነበረም፤ ሆኖም ሕግ አውጪው ኃላፊነቱን ሲያራዝም ካሳውን የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አለመደንገጉ ከባድ ጉድለት ነው።

ጉድለቱ መፍትሔ የሌለው እንዳልሆነ የጠበቆች ልምድ ያሳያል። በእንግሊዝና በዌልስ የጠበቆች መድን ከ1976 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ዛሬ በኩባንያነት የተቋቋሙ የጥብቅና ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ 3 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሌሎቹ 2 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ሽፋን መያዝ አለባቸው። ከመጠኑ የሚበልጠው ግን የውሉ ይዘት በተቆጣጣሪው አካል መወሰኑ ነው። መድን ሰጪው ጠበቃው እውነቱን ደብቆኛል ወይም ዐረቦን አልከፈለኝም ብሎ ለደንበኛው ካሳ ከመክፈል ሊያመልጥ አይችልም፤ ድርጅቱ ሲዘጋም ለ6 ዓመት ሽፋኑን ይቀጥላል። አርክቴክቶችም በተቆጣጣሪያቸው መድን እንዲይዙ ይጠበቅባቸዋል፤ መመሪያው የሚጠቅሰው ዝቅተኛ መጠን ግን 250,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን ለማስተካከል ከሚፈለገው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የቤት ሽያጭ ውል ላይ የሚሳሳት ጠበቃ ደንበኛ፣ ቤቱን ሲነድፍ የሚሳሳት አርክቴክት ከሚጎዳው ነዋሪ ይልቅ በጽኑ መጠበቁን የሚያስረዳ በቂ ምክንያት የለም።

ተጎጂው የከሰረውን ባለሙያ አልፎ በቀጥታ መድን ሰጪውን እንዲጠይቅ የሚፈቅደው፣ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችል ነበር፤ ይሁንና ተጎጂው የሚተካው በመድን ገቢው እግር ስለሆነ እሳትን ያገለለ አንቀጽ ለእርሱም በሩን ይዘጋበታል። የ2022ቱ ሕግ በበኩሉ ፍርድ ቤት የአንድን ኩባንያ ኃላፊነት ወደ እኅት ኩባንያዎቹ እንዲያሻግር ሥልጣን ሰጥቷል፤ ይህም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው ሲያልቅ የሚያፈርሱ ትላልቅ ገንቢዎችን ለመያዝ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሀብታም እኅት ኩባንያ በሌለው፣ ጥቂት አርክቴክቶች ብቻ ባሉበት አነስተኛ ቢሮ ላይ ግን ሥልጣኑ የሚያስገኘው ካሳ የለም።